«ጠላ አልኩ እንጂ ጠጅ መች አልኩ?»፦ ስለ አንድ የደሴ ትርጉም ቤት

የእናቴን የአሜሪካ ወረቀት የት እንዳስተረጎምኩ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር በስልክ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

ቦታው ደሴ ነው። ከፒያሳ ወደ አራዳ ስትሄዱ፣ ከአንድ ጫማ ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሯ ላይ «ትርጉም፣ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር። በቃ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ስለ ቤቱ ልጽፍ ነው ስላቸው «ስሙን ተይው እህቴ፣ ያለው ወረፋ ይበቃኛል» አሉኝ። እኔም ትቼዋለሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ነው። በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ በስደተኛነት ገብቶ፣ ኋላ ዜግነት ወሰደ። እናታችንን ለመውሰድ ፕሮሰስ የጀመረው እሱ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ወላጁን ማመልከት አይችልም። 21 ዓመት የሞላው ዜጋ መሆን አለበት። ዜጋ ከሆነ ግን ለወላጅ ኮታ የሚባል ወረፋ የለም። ይሄን ስንሰማ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። እሱ ከፋይ፣ እኔ እግር ሆንኩና ጀመርን።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናትን ለማስኬድ የእናት የልደት ሰርተፊኬት የሚቀድም ይመስላል። አይደለም። አይ-130 የሚባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ ሲገባ የሚፈለገው የልጁ ነው፤ የእናቱ ስም የተጻፈበት። የእናት የራሷ የሚጠየቀው በኋላ፣ ፋይሉ ጸድቆ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከላቸው ሲያልፍ ነው።

እኛ ቤት ሁለቱም አልነበሩም። ወንድሜ የተወለደው በ1970 ሆጤ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ወጥ ሆኖ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ስለዚህ በ2015 ውክልናውን ይዤ ሄድኩና ሰርተፊኬቱን አወጣሁለት። ቀኑን ከአሜሪካ ፓስፖርቱ ገለበጥነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1978፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1970 መሆኑ ነው። እንግሊዝኛውን ሌላ ቦታ አስተረጎምኩ። ክብ ማኅተም መቱበት፤ እኔም ማኅተሙን አይቼ ደስ አለኝ። ወንድሜ በመጋቢት አስገባ።

በታኅሣሥ 2016 ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። ሰርተፊኬቱ ልጁ ከተወለደ ከ45 ዓመት በኋላ የወጣ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ማስረጃ አምጡ ይላል። የተሰጠን 84 ቀን ነው። መልሱ የሚላከው ደግሞ አንዴ ነው፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ማንጠባጠብ የለም። በዚያ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቷል። ደብዳቤውን ያነበብኩት አንድ ሆቴል ገብቼ፣ ለዋይፋዩ ስል ያላማረኝን ሻይ አዝዤ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ የማይጠፋ ደላላ አለ። «የድሮ ቀን ያለበት እናወጣልሻለን» አለኝ። የጠየቀው ገንዘብ የአንድ ሲንጀር መኪና ዋጋ ነው። እውነት ለመናገር አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። ጠዋት ላይ ከደንበኞቼ አንዷ ስለ ጋሼ ነገረችኝ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ።

ጋሼ ኮምፒውተሩን አልነኩትም። መጀመሪያ ያሉት «ያለሽን ወረቀት ሁሉ አውጪው» ነው። የእናቴን የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት (የእሷንም አብሬ አውጥቼላት ነበር)፣ የወንድሜን የዜግነት ወረቀት ኮፒ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ከዚያ መስመር ባለው ደብተር ላይ በእርሳስ ሠንጠረዥ አሰመሩ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያለውን የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ቀዱት። የእናቴ ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ላይ መሐሏ አንድ ፊደል ይደግማል፣ አንዱ ላይ መጨረሻዋ ተቆርጧል። እኔ ለዓመታት ይዣቸው ስዞር አንድም ቀን አላየሁትም። ሳይለካ የማይቆርጥ ሰው ደስ ይለኛል። በሥራዬ ስለማውቀው ነው።

ቀጥለው የእናቴን የልደት ሰርተፊኬት ትርጉም አነሱ። ጥቅምት 5 ቀን 1942 የሚለው እንግሊዝኛው ላይ ኦክቶበር 15 ቀን 1950 ተብሏል። ፓስፖርቷ ደግሞ 1949 ይላል። «ስምንት ደምሮ ነው» አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ከቀየሩ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን፣ የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ 12 ላይ ይውላል። ይሄን ሁሉ በካርቶን ላይ በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ስልክ ላይ አያምኑም። በዚያች በአንዲት ዓመት እናቴ ኤምባሲ ፊት ሁለት ሰው ሆና ልትቆም ነበር።

ማኅተሙንም ሳቁበት። አሜሪካኖቹ ከተርጓሚ የሚፈልጉት ማኅተም ሳይሆን ቃል ነው። ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ሁለቱንም ቋንቋ ለመተርጎም የሚበቃ ችሎታ እንዳለው ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ መፈረም አለበት። የመጀመሪያው ቦታ ይቺን ሁለት መስመር ሳይጽፍ ነው ገንዘቤን የተቀበለኝ።

ከሁሉ የገረመኝ የስሙ ጉዳይ ነው። ፈረንጅ እናትና ልጅን በቤተሰብ ስም ያገናኛል። እኛ ጋ ወንድሜ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን ስም ይይዛል። እናቴ የራሷን አባትና አያት ትይዛለች፤ አግብታም አልቀየረችም። ወረቀቱን ለሚያይ የውጭ ሰው ሁለቱ የማይተዋወቁ ናቸው። የወንድሜ የትምህርት ማስረጃ፣ ዲፕሎማ፣ መታወቂያ፣ የትም ቦታ ላይ የእናት ስም የለም። አገራችን ልጅን በአባቱ ነው የምትጠራው፤ ማህፀኑን ማንም አልመዘገበም። ጋሼ ይሄን የሚያስረዳ ስድስት መስመር ጽሑፍ አላቸው፤ ወንድሜ በራሱ ስም ፈርሞ ከፋይሉ ጋር አያይዞታል።

«ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ማን አስመዘገበው?» ብለው ጠየቁኝ። አባታችን ያኔ ሞቷል። እናቴ ናታ! «እንግዲያው ሂጂ፣ የመመዝገቢያውን ካርድ ፈልጊ።» አንደኛ ደረጃ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ማህደር እንደጠፋ ስለማውቅ ተስፋ አልነበረኝም። መዝገብ ቤቷ ልጅ ሁለት ቀን አቧራ ስትጠጣ ቆይታ አገኘችው። 1977 ዓ.ም.፣ አንደኛ ክፍል። «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ከሚለው አጠገብ የእናቴ ስም፣ ከጎኑ የአውራ ጣቷ አሻራ። ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ደብዝዟል እንጂ መስመሮቹ ይታያሉ። ያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብታ መፈረም የቻለችው ኋላ ነው። ካርዱ ላይ ጣቴን አሳረፍኩበትና ትንሽ ቆየሁ።

የቀረው ምስክር ነው። ሕጉ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ዋናው ሰነድ ከሌለ የእምነት ተቋም ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ፤ እሱም ከሌለ ወይም ካልበቃ ጉዳዩን በቀጥታ የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በመሐላ የሚሰጡት ቃል። ምስክሩ የአሜሪካ ዜጋ መሆን የለበትም፤ የማመልከቻው ባለጉዳይ ግን መሆን አይችልም። ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ ዝምድናውን፣ ያየውን ነገርና እንዴት ሊያውቀው እንደቻለ መናገር አለበት። አብዛኛው ሰው መጨረሻይቱን ይዘላታል። «እናቱ መሆኗን አውቃለሁ» ብሎ መፈረም ብቻውን አይረባም።

አንዷ ምስክር አክስቴ ናት። ሁለተኛዋ ሆጤ በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤታችን፣ እትዬ። ሰማንያ አልፏታል። ጋቢ ደርቤላት በባጃጅ አመጣኋት። ጋሼ ሻይ አዘዙላትና «እማማ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አሏት።

እትዬ ወሬ ስትጀምር ከሥሩ ነው። «የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። እኔ ለዝክሬ ጠላዬን ጠምቄ አጠራለሁ። ማታ ነው። ያን ጊዜ ሰዓት እላፊ አለ፣ ሰው እንደ ዝንብ የሚረግፍበት ጊዜ ነው። የዚች እናት በአጥር በኩል ጠራችኝ። ምጡ ይዟታል። አዋላጅ ልጥራ ብል ማን ይወጣል? አጥሩን ጣስኩና ገባሁ። እኔ ነኝ የተቀበልኩት። እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ነግቶ ሚካኤል ልሄድ ስነሳ ቀሚሴ ደም ነበር።»

እስላም ቤት የተወለደ ልጅ ቀኑ በሚካኤል ዝክር ተገኘ። ወሎ እንዲህ ናት፤ ሌላው አገር ሲሰማ ይገረማል እንጂ እኛ ልብም አንለው። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ ዝም አለ። 46 ዓመቱ ነው፤ የተወለደበትን ቀን ያወቀው ያኔ ነው።

ጋሼ በአማርኛ ጽፈው አነበቡላት። ጣልቃ ገባች። «ቆይ፣ ቆይ። ጠላ አልኩ እንጂ ጠጅ መች አልኩ?» ትክክሏን ነው፤ ጠጅ ብለው ነው የጻፉት። አስተካከሉ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ኅዳር 11 ማታ ማለት ኖቬምበር 20 ቀን 1977 ነው። የወንድሜ ወረቀቶች ሁሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 1978 ይላሉ። የአርባ ምናምን ቀን ልዩነት! ጋሼን ወደ ጎን ጠርቼ «ሚካኤልን ያውጡትና ታኅሣሥ 23 ይበሉት፣ ይግጠም» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «እሷ ያላለችውን አልጽፍም። ከፈለግሽ ሌላ ቤት ሞልቷል።» ተናደድኩ። የቀሩን 30 ቀን አይሞሉም። እሳቸው ግን አብራሩልኝ። የተወለደበትን ቀን ለማያውቅ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 መሙላት የተለመደ ነው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛም እንዲህ ዓይነት ሺህ ፋይል አይቷል። ወንድሜ ቀኑ እንዴት እንደተሞላ በራሱ ቃል ይጻፍ። የሚያጣሉ ወረቀቶች አፍ አውጥተው ቢናገሩ ይሻላል፤ ሁሉም በአንድ ቀን የተሰፉ ከመሰሉ ነው የሚያስጠረጥረው። «የእሷ ቃል ዋጋው ሚካኤሉ ነው፤ እሱን ካወጣሽው ምን ቀረሽ?» አሉኝ።

እትዬ ማታ ቤት ስናደርሳት «ሰውዬው ደግ ነው፣ ግን ጠጅ ይወዳል መሰለኝ» አለችኝ።

ቃሉን ለማጸደቅ ውልና ማስረጃ ስንሄድ የእትዬ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። አንድ ሳምንት እሱን ስናሳድስ ሄደ። እባካችሁ የምስክሮቻችሁን መታወቂያ ከሁሉ በፊት እዩ።

ደብዳቤው ስለ ዲኤንኤም ያነሳል። ወንድሜ ቶሎ እናድርገው ብሎ ነበር። እንደፈለጉ ሄዶ ደም መስጠት አይደለም። ኤኤቢቢ በሚባለው ድርጅት እውቅና ያለው ላብራቶሪ መሆን አለበት፤ የናሙና መውሰጃውን ላብራቶሪው ራሱ ይልካል፤ ውጤቱም በእኛ እጅ አያልፍም። እናቴ ደግሞ ለዚህ ብላ አዲስ አበባ መውረድ ሊኖርባት ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ጊዜ መንገድ። ጋሼ «እሱ መጨረሻ ላይ ይቆይ፣ መጀመሪያ ያለሽን ላኪ» አሉ። አላስፈለገንም።

ጉድለታቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። ይዘገያሉ፣ ወላሂ ይዘገያሉ። ነገ ያሉት ከነገ ወዲያ ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ አሥር ደቂቃ ይጮህና ያበቃል፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቡና ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ፕሪንተሩ ቀለም ሲያንሰው በግማሽ ይጽፋል፤ አብሽሪ ይታያል ይላሉ፣ አትስሙ፣ እንደገና አስወጡ። ለፎቶ ኮፒ የመጣ ሰው መሀል ገብቶ ያቋርጣችኋል። ምክር ያበዛሉ፤ ልጄን ምን ማስተማር እንዳለብኝ ሳይቀር ነግረውኛል። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። በእኔ ጊዜ ትርጉም በገጽ 400፣ አንድ የምስክርነት ቃል ከነእንግሊዝኛው 600 ብር ነበር። የራሳቸውን ስሕተት ግን በነጻ ነው የሚያርሙት፤ የጠጁን ገጽ አላስከፈሉኝም። አርብ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ዝግ ነው። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ወረፋ የለም።

የማይሠሩትን ነገርም እወቁ። የገቢ ዋስትናውን ቅጽ፣ አይ-864ን፣ አይነኩም። እሱ የወንድሜ ሥራ ነው፤ ገቢው ከእነሱ የድህነት መስፈርት ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን በታክስ ወረቀቱ ያሳያል። «እኔ ጠበቃ አይደለሁም» ይላሉ ደጋግመው። ክፍያዎቹንም እዚያው ያለው ልጅ ነው የሚጨርሰው፤ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር፣ ለዋስትናው 120።

መልሱን በየካቲት ላክን። ሰኔ ላይ ጸደቀ። ከዚያ የእናቴ የራሷ የልደት ሰርተፊኬት ተራ ደረሰ፤ ይሄኔ ግን ጋሼ ያን የእርሳስ ሠንጠረዥ አውጥተው ትርጉሙን ከፓስፖርቷ ጋር አስማምተው ጨርሰውት ነበር። በ2017 መጋቢት ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄድን። ኤምባሲ ውስጥ የጠየቋት ጥቂት ነው። አንዱ «ልጅሽ መቼ ተወለደ?» የሚል ነበር። «በሚካኤል ዋዜማ» አለች። አስተርጓሚዋ ፈገግ አለች አሉ።

ቪዛው ሲመጣ ፓስፖርቱን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። አንድ ኪሎ ቡና ይዤላቸዋለሁ። ጋሼ ቡናውን ወደ ጎን አደረጉት። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ደብተሩን ገለጡ፣ ያችን ሠንጠረዥ አገኟት። ቪዛው ላይ ያለውን የእናቴን ስም ጣታቸውን እያስኬዱ ፊደል በፊደል አነበቡት። ሲጨርሱ «አንድ ነው» አሉና መለሱልኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ወጣሁ።